የበርሜል ሶዳ አረፋ ሲያበዛ፦ ከግፊቱ በፊት የሚመረመሩ ነገሮች

በቤቱ ሶዳ እያዘጋጀ በበርሜል የሚያስቀምጥ ሰው ይህ ችግር አንድ ቀን ይገጥመዋል። መቅጃውን ሲከፍት ብርጭቆው በነጭ አረፋ ይሞላል፤ አረፋው ሲረግፍ ከሥር የሚቀረው ሁለት ጉንጭ የማይሞላ፣ ጋዙ የሸሸው ጣፋጭ ውሃ ነው። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው እጁን የሚሰደው ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው ነው፤ አረፋ በዛ፣ ስለዚህ ግፊት በዛ ብሎ ይቀንሳል። ለአንድ ሁለት ብርጭቆ የተሻለ ይመስላል። በማግስቱ ግን አረፋው እንዳለ ሆኖ ሶዳው ጋዝ ያጣል።

አረፋ ማለት ጋዙ ብርጭቆ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ከፈሳሹ መውጣቱ ነው። ግፊቱን ሲቀንሱ ጋዙ እንዲወጣ ይበልጥ መንገድ ይከፍቱለታል። ስለዚህ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ጋዙ የሚያመልጥበት ቦታ ነው፤ ቦታው ከታወቀ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ርካሽና ቀላል ነው።

በዚህ ጽሑፍ በርሜል የምለው 19 ሊትር የሚይዘውን፣ በመጀመሪያ ለለስላሳ መጠጥ ኩባንያዎች የተሠራውን የኮርኔሊየስ በርሜል ነው። ከላይ ሁለት አፎች አሉት፤ በአንዱ ጋዝ ይገባል፣ በሌላው መጠጥ ይወጣል። ከመጠጡ አፍ ሥር እስከ በርሜሉ ወለል የሚወርደውን ረጅም ቀጭን ብረት መምጠጫ፣ ከበርሜሉ ውጭ ያለውን ፕላስቲክ ቱቦ፣ መጨረሻ ላይ የሚከፈተውን ደግሞ መቅጃ እላቸዋለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ምን ይለያል?

ካርቦን ዳይኦክሳይድን በፈሳሽ ውስጥ ይዘው የሚያቆዩት ቅዝቃዜና ግፊት ናቸው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት አንድ ሊትር ውሃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.7 ሊትር ገደማ ጋዝ ያሟሟል፤ በ20 ዲግሪ ግን አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሶዳ ከ3 እስከ 4 እጥፍ ጋዝ የታመቀበት መጠጥ ነው፤ ማለትም በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሊትር ጋዝ አለ። ቢራ 2.5 እጥፍ አካባቢ ይበቃዋል። ለድራፍት ቢራ የተዘጋጀ ቱቦና መቅጃ እንዳለ ለሶዳ ሲውል አረፋ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ከተማችን 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ፒያሳና አራት ኪሎ ከቦሌም ከፍ ይላሉ። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃችን ከ100 ይልቅ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው በርሜሉ ከውጭው አየር በላይ የያዘውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ ለባሕር ወለል በተሰላ የውጭ አገር ሰንጠረዥ ላይ ያገኙትን ቁጥር እንዳለ ከተጠቀሙ ሶዳዎ ያነሰ ጋዝ ይይዛል። በሰንጠረዡ ቁጥር ላይ ሩብ ባር፣ ወይም ወደ 3.5 ፒኤስአይ፣ ይጨምሩ።

ከፍታው ሌላም ውጤት አለው። ብርጭቆው አፍ ላይ ሶዳውን የሚጠብቀው አየር የሳሳ ነው፤ ጋዙ ለመውጣት ይቸኩላል። እኩል ጋዝ የያዘ ሶዳ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሰጠው አረፋ ፒያሳ ላይ የሚሰጠው ይበዛል። በውጭ አገር መመሪያዎች የሚመከረው የቱቦ ርዝመት እዚህ የሚያጥረን ስለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳይነኩ ሦስት ብርጭቆ ይቅዱ

በርሜሉ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳይነካ በማቀዝቀዣው ውስጥ ከቆየ በኋላ ሦስት ብርጭቆ በተከታታይ ይቅዱ፤ በሚቀዱበት ጊዜም ዓይንዎ ከብርጭቆው ይልቅ ቱቦው ላይ ይሁን። ግልጽ ቱቦ መጠቀም የምመክረው ለዚህ ነው፤ ችግሩ የት እንዳለ ቱቦው ራሱ ይናገራል።

የመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ ሆኖ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥሩ ከሆኑ፣ በርሜሉ ደህና ነው፤ የሞቀው መቅጃው ወይም ከማቀዝቀዣው ውጭ ያለው የቱቦ ክፍል ነው። ሦስቱም እኩል አረፋ ከሆኑና ሶዳው በኃይል የሚፈስ ከሆነ፣ ቱቦው አጭር ወይም ሰፊ ነው፤ አለዚያም ጋዙ ከልክ በላይ ነው። ሦስቱም አረፋ ሆነው ፍሰቱ ግን የደከመ፣ ጣዕሙም ጋዝ ያጣ ከሆነ፣ ግፊቱ ዝቅ ብሏል ወይም መጠጡ ሞቋል። ቱቦው ውስጥ ከበርሜሉ ማገናኛ ጀምሮ ተከታታይ ጥቃቅን አረፋ ሲሮጥ ካዩ፣ ችግሩ መምጠጫው አንገት ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት መሆኑን ከሞላ ጎደል እርግጠኛ መሆን ይችላሉ። መቅጃው እየተነፈሰ፣ እየተቆራረጠ የሚተፋ ከሆነ ደግሞ ወይ በርሜሉ ሊያልቅ ነው፣ ወይም መንገዱን የዘጋው ቅንጣት አለ።

ያዩትን ይጻፉት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ ስለማያውቁ፣ ከዚህ በኋላ ባሉት ደረጃዎች አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ መልሰው ይፈትሹ።

ደረጃ 2፦ የማቀዝቀዣውን ሳይሆን የሶዳውን ሙቀት ይለኩ

የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ ላይ ያለው ቁጥር የአየሩን ሁኔታ ቢነግርዎ ነው፤ 19 ሊትር ፈሳሽ የራሱ ፍጥነት አለው። ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሁለተኛውን ብርጭቆ ቀድተው ወዲያውኑ ቴርሞሜትር ይክተቱበት። ለሶዳ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ጥሩ ነው። ከ6 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሌላ ምንም ሳይነኩ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ፤ በሞቀ ሶዳ ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ሲቀዘቅዝ ይበላሻል።

መቅጃው ከማቀዝቀዣው አናት ላይ በተተከለ ምሰሶ ላይ ከሆነ፣ ምሰሶው ውስጥ ያለው ቱቦ የክፍሉን ሙቀት ይይዛል። ቀዝቃዛ ሶዳ በሞቀ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ጋዙን እዚያው ይተፋል። መፍትሔው ከማቀዝቀዣው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ወደ ምሰሶው የሚገፋ አነስተኛ የኮምፒውተር ማራገቢያ መግጠም ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ከተስማሚ ኃይል ሰጪ ጋር ይበቃል። መቅጃው በማቀዝቀዣው በር ላይ ከሆነ ቱቦውን በሙሉ በውስጥ በኩል ጠቅልለው ያስቀምጡ።

መብራት መጥፋት ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ ነው፤ ለቀናት ጥሩ የነበረ ሶዳ በድንገት አረፋ ሲሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ሶዳው ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ ጋዙ ከፈሳሹ ወጥቶ በርሜሉ አናት ላይ ባለው ባዶ ቦታ ይሰበሰባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ለምሳሌ 3.5 እጥፍ ጋዝ የያዘ ሶዳ በ2 ዲግሪ 1.6 ባር ላይ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ሲሆን፣ 12 ዲግሪ ሲደርስ 2.5 ባር አካባቢ ይፈልጋል። መብራቱ ሲመለስ የማቀዝቀዣው አየር ቶሎ ይበርዳል፤ ሶዳው ግን ገና ነው። በዚህ ሰዓት ቢቀዱ አረፋ ብቻ ያገኛሉ፤ ተበሳጭተው በርሜሉን ቢያስተነፍሱት ደግሞ ያለ ምክንያት ጋዝ ያባክናሉ። መብራት ሲጠፋ ጋዙ የሚመጣበትን ሲሊንደር ቁልፍ ይዝጉ፣ የማቀዝቀዣውን በር አይክፈቱ፣ መብራት ከተመለሰም በኋላ ሌሊቱን ይተዉት። ብዙ ጊዜ ምንም ሳይደረግለት ወደ ቦታው ይመለሳል።

ደረጃ 3፦ ግፊቱን ለከፍታችን ያስተካክሉ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለአዲስ አበባ ሩብ ባሩ የተጨመረባቸው ናቸው። በየመስመሩ ያሉት ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ለ3፣ ለ3.5 እና ለ4 እጥፍ ጋዝ የሚያስፈልገውን ግፊት ያሳያሉ።

በ2 ዲግሪ፦ 1.3 ባር፣ 1.6 ባር፣ 2.0 ባር
በ5 ዲግሪ፦ 1.5 ባር፣ 1.9 ባር፣ 2.25 ባር
በ10 ዲግሪ፦ 1.9 ባር፣ 2.3 ባር፣ 2.75 ባር

መለኪያዎ በፒኤስአይ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። እኔ ለዝንጅብልና ለሎሚ ሶዳ 3.5 እጥፍን እመርጣለሁ፤ ለማር መጠጦች 3 እጥፍ ይበቃል። 4 እጥፍ ያምራል፣ ምላስም ይቆነጥጣል፤ ነገር ግን ቱቦውም ቅዝቃዜውም ፍጹም ካልሆነ በቀር አረፋውን መቆጣጠር ከባድ ነው። ጀማሪ ከሆኑ ከ3 ይነሡ።

አሁን ሶዳዎ በእርግጥ ስንት እጥፍ እንደያዘ ይወቁ። የጋዙን መስመር ከበርሜሉ ይንቀሉ፤ በርሜሉን በደንብ ይነቅንቁት፣ ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳርፉት፤ በመጨረሻም መለኪያ ያለው ማገናኛ በጋዙ አፍ ላይ ሰክተው ያንብቡ። የሶዳውን ሙቀትና የተነበበውን ግፊት ከላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር ሲያስተያዩ የጋዙ መጠን ይታወቃል። ይህ አሠራር ከግምት ሁሉ የተሻለ ነው፤ መቆጣጠሪያው ላይ የተቀመጠው ቁጥር ስንት እንዲሆን እንደፈለጉ ብቻ ነው የሚነግርዎ።

ጋዙ በዝቶ ከተገኘ መስመሩ እንደተነቀለ በርሜሉን በማስተንፈሻው ያስተንፍሱ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው እንደገና ያስተንፍሱ። በየጊዜው እየመለሱ ሲያደርጉት በአንድ ቀን ውስጥ ይስተካከላል። ማስተንፈሻውን ሲከፍቱ ፈሳሽ ሊረጭ ስለሚችል ቀስ ይበሉ፣ ፎጣም ይያዙ። ከዚያ መለኪያውን አንብበው፣ ትክክለኛው ላይ ሲደርስ መስመሩን በዚያው ግፊት ያገናኙ። ከዚያ በኋላ ሶዳው የሚቀመጥበትና የሚቀዳበት ግፊት አንድ ይሁን፤ ሊቀዱ ሲሉ መቀነስ፣ ሲጨርሱ መመለስ የሚባለውን ልማድ ይተዉት።

ደረጃ 4፦ ቱቦውን ያርዝሙ

ሙቀቱና ግፊቱ ትክክል ሆነው አረፋው ከቀጠለ፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጥፋቱ የቱቦው ነው። የብዙ ሰው ችግር የሚፈታው እዚህ ነውና ጊዜ ሰጥተው ይሥሩት።

በርሜሉ ውስጥ 1.6 ባር ግፊት ያለው ሶዳ መቅጃው ጋ ሲደርስ ግፊቱ ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት። ይህን ግፊት በእርጋታ የሚበላው ቱቦው ነው፤ ፈሳሹ ከቱቦው ግድግዳ ጋር እየታሸ ሲሄድ ግፊቱ በእያንዳንዱ ሜትር ይቀንሳል። ቱቦው ሲያጥር ያልተበላው ግፊት መቅጃው ላይ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። መንገድ ላይ ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑን ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ሶዳውም ፍጥነቱን ከመነሻው ጀምሮ መቀነስ ይኖርበታል።

ውስጡ 5 ሚሊሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ቱቦ ካለዎት ከ8 እስከ 9 ሜትር ይጀምሩ። ውስጡ 4 ሚሊሜትር ከሆነ ከ3 እስከ 4 ሜትር ይበቃል። ቁጥሩ ሲያዩት የተጋነነ ይመስላል፤ ለቢራ የሚመከረው ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ ብዙ ሰው አያምንም። ሶዳ ግን ግፊቱ የቢራ እጥፍ ያህል ነው፤ እኛ ያለንበት ከፍታም ይጨመርበታል።

የቱቦው ውስጠኛ ስፋት ከርዝመቱ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ስፋቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊት የመብላት አቅሙ ወደ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ የተገዛ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ቱቦ በምንም ርዝመት አይሆንም። ሲገዙ የውጭውን ሳይሆን የውስጡን ስፋት ይጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ በራስዎ ይለኩ። ቱቦው ለምግብ የተሠራና ግፊት የሚችል መሆን አለበት። ለዓሣ ማርቢያ ገንዳ የሚሸጠው ለስላሳ ቱቦ ለሶዳ ግፊት አልተሠራም።

ቱቦውን በርሜሉ አናት ላይ በሰፊው ጠቅልለው፣ የተጠቀለለበትን በገመድ አስረው ማቀዝቀዣው ውስጥ ይተዉት። የትም ቦታ ላይ አይታጠፍ፤ የታጠፈ ቱቦ ራሱ አረፋ ይሠራል። ከዚያ ሰዓት ይዘው ይቅዱ። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ውስጥ ቢሞላ ፍሰቱ ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ከዘገየ ቱቦውን በ30 ሴንቲሜትር እየቆረጡ ይሞክሩ፤ የተቆረጠ አይቀጠልምና አይቸኩሉ። መቅጃው ከበርሜሉ በላይ ሲሆን እያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ያህል ይበላል፤ በቤት ውስጥ ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ረጅም ቱቦ ለማግኘት ከተቸገሩ ፍሰቱን በራሱ የሚቆጣጠር መቅጃ ወይም ማገናኛ አለ። ጥሩ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከቱቦው ይበልጣል። ቱቦ የሚሸጥ ካገኙ በቱቦው ይጀምሩ።

ደረጃ 5፦ የላስቲክ ቀለበቶቹንና መንገዱን ይፈትሹ

በደረጃ 1 ከማገናኛው ጀምሮ ተከታታይ አረፋ ካዩ፣ በርሜሉን ሙሉ በሙሉ ያስተንፍሱና የመጠጡን አፍ በቁልፍ ይፍቱ። መምጠጫው አንገት ላይ ኦሪንግ የምትባል ትንሽ የላስቲክ ቀለበት አለች። ከተሰነጠቀች ወይም ከደረቀች፣ በርሜሉ አናት ላይ ያለው ጋዝ በእርሷ በኩል ሾልኮ በቀጥታ ከሚወጣው ሶዳ ጋር ይቀላቀላል። ከውጭ ምንም አይፈስም፣ የሳሙና ውሃ ቢቀቡም አይታይም፤ ብዙ ሰው ወራት ሙሉ ሲቸገርበት የሚኖረው ችግር ይህ ነው። ኦሪንጓ ግን ከሁሉም ዕቃ ርካሿ ናት።

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ውስጥ በመጠን የሚገጥም ኦሪንግ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ለነዳጅና ለዘይት የተሠራ ላስቲክ ሽታውን ወደ መጠጡ ያስገባል። ለምግብ የተሠራ ሲሊኮን ይፈልጉ። ሲገጥሙም ለምግብ የተፈቀደ ቅባት በስሱ ይቀቡ።

አፉ በተፈታበት ጊዜ ውስጡ ያለውን ባለ ሞላ መክፈቻ ያውጡና በብርሃን ይመልከቱ። የዝንጅብል ክር፣ የሎሚ ሥጋ፣ የናና ቅጠል ቁራጭ ብዙ ጊዜ የሚቀረቀረው እዚያ ነው። ፈሳሹ ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ይናወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አረፋ ነው። መቅጃውንም ፈታ አድርገው ይጠቡት፤ የደረቀ ስኳር ልክ እንደ አሸዋ ሸካራ ሆኖ ጋዙን ያስወጣል።

ደረጃ 6፦ መጠጡ ራሱ

ዕቃው ሁሉ ትክክል ሆኖ አንዱ ሶዳ ጥሩ ሲቀዳ ሌላው አረፋ ካበዛ፣ ምክንያቱ በርሜሉ ውስጥ የገባው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ውሃው። ውሃ ውስጥ የተሟሟ አየር አለ፤ አየር ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ በውሃ ውስጥ ለመቆየት ይቸገራል። ሲቀዳ ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላውንም ጋዝ ይዞ ይወጣል። ውሃውን አፍልተው ከድነው ያቀዝቅዙ፤ ይህ የክሎሪኑንም ሽታ ይቀንሳል። በርሜሉን ሲሞሉ ከላይ አያንቧቡት፤ ቱቦ እስከ ወለሉ አውርደው በጸጥታ ያፍስሱ። 17 ሊትር ሲደርስ ያቁሙ። ከዚያ ጋዝ አስገብተው ያስተንፍሱ፤ አራት አምስት ጊዜ ሲደጋግሙት አናቱ ላይ ያለው አየር በጋዝ ይተካል።

ቀጥሎ ቅንጣት። እያንዳንዷ የዝንጅብል ክር ጋዙ የሚሰበሰብባት መነሻ ናት። የተቀቀለውን ዝንጅብል መጀመሪያ በወንፊት፣ ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ያጥልሉ፤ ሌሊቱን በማቀዝቀዣ አሳድረው የጠለለውን ብቻ ከላይ ይቅዱ። ለሎሚም እንዲሁ። ከርካዴና ጠጅ ሳር ከተጠለሉ ብዙም አያስቸግሩም።

ብርዝን በጋዝ ማዘጋጀት በጣም የምወደው ነው፤ ከሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገውም እርሱ ነው። ማር ውስጥ ያለው ጥቂት ፕሮቲን አረፋውን አጽንቶ ይይዘዋል፤ ከዚያም በላይ ማር በውሃ ሲቀጥን በውስጡ ያለው እርሾ ይነቃል። ጠጅ የሚጣለው በዚህ ነውና የሚያስደንቅ አይደለም፤ በተዘጋ በርሜል ውስጥ ሲሆን ግን ግፊቱ ከመቆጣጠሪያው ፈቃድ ውጭ ይወጣል። የጋዙ መስመር ተነቅሎ፣ ሙቀቱም ሳይለወጥ፣ በርሜሉ ላይ ያለው መለኪያ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ከሄደ መጠጡ እየፈላ ነው። በርሜሉን አስተንፍሰው በደንብ ያቀዝቅዙ፣ ፈጥነውም ይጠጡት። ለሚቀጥለው ጊዜ የተበጠበጠውን ማር እስከ 70 ዲግሪ አሙቀው ለ10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ በማንኪያ ይግፈፉ፣ ከዚያ በፍጥነት ያቀዝቅዙ። የማሩ መዓዛ በመጠኑ ይቀንሳል፤ በበርሜል ለሚቀመጥ ብርዝ ግን ይህን መክፈል ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በርሜሉን በመነቅነቅ ጋዝ የሚያስገቡ ከሆነ፣ ከነቀነቁ በኋላ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት ያሳርፉት።

ደረጃ 7፦ አቀዳዱ

መቅጃውን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ ይክፈቱት። አረፋ ፈርቶ በግማሽ መክፈት ሶዳውን በጠባብ ቀዳዳ ማስጨነቅ ነው፤ አረፋውን የሚሠራው ራሱ ግማሽ መክፈቱ ነው። ብርጭቆውን አዘንብለው ፈሳሹ በጎኑ እንዲወርድ ያድርጉ፤ የመቅጃው አፍ ሶዳው ውስጥ አይጥለቅ።

በፎጣ የተወለወለ ብርጭቆ ዓይን የማያየው የጥጥ ክር ይይዛል፤ አረፋ የሚነሣው ከእነዚያ ክሮች ነው። ብርጭቆውን ከመቅዳትዎ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው እርጥብ እንደሆነ ይጠቀሙበት። በረዶ የሚጨምሩ ከሆነ ሶዳው ከተቀዳ በኋላ በቀስታ ያስገቡት።

ስለ ጋዙ ጥንቃቄ

ሲሊንደር ሲያስሞሉ ለመጠጥ የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለብየዳ የሚሸጠውን ለመጠጥ አይጠቀሙ። በ20 ዲግሪ የሞላ ሲሊንደር ውስጥ 57 ባር አካባቢ ግፊት አለ፤ ያለ ግፊት መቆጣጠሪያ ከበርሜል ጋር ማገናኘት ለሕይወት አደገኛ ነው። ሲሊንደሩ ቆሞና ታስሮ ይቀመጥ፤ ከተኛ ፈሳሹ ወደ መቆጣጠሪያው ይገባል። የሲሊንደሩ መለኪያ ጋዙ ሊያልቅ እስኪል ድረስ እኩል ስለሚያሳይ፣ የቀረውን ማወቅ የሚቻለው በሚዛን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ በጠባብ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ውስጥ ቢፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ ባለበት ክፍል መስኮት ይከፈት፣ ሌሊት ቁልፉ ይዘጋ፣ መገጣጠሚያዎቹም በሳሙና ውሃ ይፈተሹ። የበርሜሉን ክዳን ሙሉ በሙሉ ሳያስተነፍሱ በፍጹም አይክፈቱ።

በርሜሉን ወደ ግብዣ ሲወስዱ

ለምርቃት ወይም ለልደት ከቤት የሚወጣ በርሜል በመኪና ይናወጣል፣ መንገድ ላይም ይሞቃል፤ ደርሶ ወዲያው መቅዳት አረፋ መጥራት ነው። የሚቻል ከሆነ ዋዜማውን ይውሰዱት። ካልሆነ በትልቅ ሳፋ ውስጥ አቁመው ዙሪያውን በረዶና ውሃ ይሙሉበት፤ በረዶ ብቻውን በየቦታው ክፍተት ስለሚተው ውሃው ግድ ነው። የተጠቀለለውን ቱቦም እዚያው ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ጋዙን በቤት በነበረበት ግፊት አገናኝተው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያሳርፉት፤ እንግዶች ቢቸኩሉም የመጀመሪያውን ብርጭቆ ከዚያ በፊት አይቅዱ። ግብዣው እንዳበቃ፣ በዚያው ምሽት፣ ቱቦውንና መቅጃውን ለብ ባለ ውሃ ያጥቡ።